የአባ ወፌ ወፍ

አባትየው ዕድሜ ልኩን ሙዚየም ውስጥ ወፍ ሲለይ የኖረ ነው፤ «አባ ወፌ» ይሉታል። ከዚያ ሁሉ ወፍ የኔ የሚላት ግን አንዲት ናት፤ በየዓመቱ ብርድ ሸሽታ የምትመጣ፣ እፍኝ የማትሞላ፣ ስትዘምር ግን ሰፈር የምትቀሰቅስ። ክንፏ ከዘመዶቿ ይረዝማል ብሎ ራሷን የቻለች ዝርያ አደረጋት። አሁን አልጋ ይዟል፣ ዓይኑም ከድቶታል። ዝርያዎችን እንደገና የሚያጣራው ጉባኤ ወፉን እንዲያጸድቅለት ብቻ ይጠብቃል።

ለጉባኤው የምትለካው ደግሞ፣ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል፣ በወንበሩ የተተካችው ልጁ ናት።

ጠዋት ሙዚየም ገብታ የወፎቹን መሳቢያ ሳበች። ጥጥ የተሞሉት ወፎች በጀርባቸው ተንጋለው ተደርድረዋል። የአባቷን ወፎች ክንፍ ለካች፤ ቀጥላ የዘመዶቻቸውን። አንድ ናቸው። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። በአባቷ ወፎች እግር ላይ በታሰረው ካርድ የሰፈረው ቁጥር ግን ረዘም ይላል። እውነቱን ለጉባኤው ልትጽፍ፣ አባቷን ግን ልትዋሸው ቆርጣ ወደ ቤት ሄደች።

«ለካሻት?» አላት ገና ኮቴዋን ሲሰማ።

«ለካኋት አባዬ። ያንተዋ ትረዝማለች።»

ፊቱ በራ። «በስንት?»

«ካርዱ ላይ በጻፍከው ልክ። ንቅንቅ አላለችም።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«እኔ እኮ የለካኋት ሜዳ ላይ ነው፣ ገላዋ ሳይቀዘቅዝ። ክንፍ ሲደርቅ ያጥራል፤ አስተምሬሽ የለም እንዴ? ዛሬ ያን ቁጥር ከየት አመጣሽው?»

ልጅቱ ብርድ ልብሱን ታስተካክልለት ጀመር።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ዘመዶቿንስ የት ነበር የለካኋቸው?»

«ተወው አባዬ።»

«መሳቢያው ውስጥ» አለ ራሱ መልሶ። «ደርቀው የከረሙትን። ትኩሱን ከደረቅ ጋር... በቃ፣ ወፍም አልነበረችኝ።»

አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም።

«ሰርዢያት» አላት። «ሌላ ሰው ከሚሰርዛት አንቺ ሰርዢያት።»

የራት ሰዓት ሲደርስ እንደ ወትሮው ልትደግፈው እጇን በብብቱ ሰደደች። ሁሌ ሲነሣ «ወፌ ቆመች» እያለች እንደ ሕፃን ታሾፍበት ነበር፤ እሱም ይስቃል። ዛሬ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ አልተነሣም።