የተላጨው አባት

ሰውየው ወደ ምርመራው ክፍል ሲገባ ራሱ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር፤ ቅንድቡን እንኳ አላስቀረም። የሟች ሚስቱ እናት የልጅ ልጃቸውን እጅ አጥብቀው ያዙ። ሕፃኒቱ ከአባቷ ጋር ትኑር ወይስ ከአያቷ የሚለውን ዳኛው የሚወስኑት፣ አባትየው አደንዛዥ ዕፅ ያጨስ እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። ሽንት የሰሞኑን ብቻ ይናገራል፤ ጠጉር ግን በወር አንድ ሳንቲሜትር ያህል እያደገ የወራትን ነገር ይዞ ይቆያል።

“ከደረትዎስ?” አለች መርማሪዋ።

ሸሚዙን ገለጠ። ደረቱም ብብቱም ተላጭቷል፤ ምላጩ በተወው ሽፍታ ላይ ርካሽ ሽቱ ተርከፍክፎበታል።

“ሙቀት ነዋ፣ እህቴ!”

“ቅንድብህንም ሞቀው?” አሉ አያትየው። “ዐይንህን በጨው አጥበህ መጣህ!”

“እማማ ደግሞ፣ ለነገር ሲፈጠሩ!”

“እንግዲያው የሕፃኒቱን እወስዳለሁ፤ ፍርድ ቤቱ ፈቅዷል” አለች መርማሪዋ።

ሰውየው በሳቅ ፈረሰ። “ውሰጂዋ! የአምስት ዓመት ሱሰኛ ልታወጪልን ነው?” ጠጉር የባለቤቱን ኃጢአት ብቻ የሚመሰክር መስሎት ነበር።

መርማሪዋ ከሕፃኒቱ ማጅራት በላይ ቀጭን ዘለላ ቆርጣ፣ ሥሩ ከጫፉ እንዳይምታታ በሥሩ በኩል በክር አሰረችው።

ውጤቱ ሲደርስ ሁለቱንም አስጠራቻቸው። ለሥሩ የቀረበው፣ ሕፃኒቱ አያቷ ቤት ከገባች ወዲህ የበቀለው፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ በፊት በአባቷ ቤት የበቀለው ግን የዕፁን ጢስ ጠጥቷል።

“ልጅቱ አልተጠቀመችም” አለች፤ “በሚያጨሱበት ክፍል ኖራለች።”

“በአፍንጫዋ እፍ አላልኩባት!” ብሎ ጮኸ። “እሷ ናት እንጂ ካላቀፍከኝ አልተኛም የምትል! ታዲያ ስትተኛ አስቀምጫት ልውጣ? የትም ሳልሄድ አቅፌያት ነው የማጨሰው። እንደ እኔ ያለ አባት የት ይገኛል?”

የተናዘዘ አልመሰለውም፤ ምስጋና ይጠብቅ ነበር። ሌባውንም ነፍሰ ገዳዩንም “እርስዎ” እያለች የኖረችው መርማሪ ወንበሯን ከእርሱ አራቀች።

“አንተ፣” አለችው፣ “ውጣልኝ።”

ያለውን ሁሉ በፍርድ ቤት መሰከረች። ዳኛውም ሕፃኒቱን ለአያቷ ሰጡ፤ አባትየው ሌላ ሰው ባለበት ብቻ እንዲያያት ፈቀዱ። አያትየው ፈጣሪያቸውን ሊያመሰግኑ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሕፃኒቱ ከጉያቸው ወጥታ ወደ አባቷ ሮጠች።

“አባ፣ ዛሬስ አንተ ጋ ነው የምተኛው?”

እጆቹን ዘረጋላት። አያትየው ከወገቧ ያዟት፤ እሷም በጩኸት እየተንፈራገጠች ነከሰቻቸው። እያስነከሱም ወደ በሩ ጎተቷት።