ፋናዬ እሺ አላለችም

ፋናዬ ሞተር ሳይክል የገዛች ጊዜ አትላንታ አጠገብ ያለችው የክላርክስተን ከተማ ሐበሻ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ጸለየላት። አርባዎቹን አጋምሳለች፤ ባል የላትም፤ ሥራዋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው። በዲቪ መጥታ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ኋላም መጋዘን ውስጥ ሠርታለች። የአውቶቡሱን መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወዲህ ግን ሰው ልጁን አምኖ የሚሰጣት ሴት ሆነች። ጠዋት ጠዋት የሐበሻውን፣ የሶማሌውን፣ የበርማውን ልጅ ከየአፓርታማው በር ለቅማ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሁሌም የሚጮህ፣ የሚያለቅስ፣ መስኮት የሚከፍት አለ። ሞተር ሳይክሉ ላይ ስትወጣ ግን ብቻዋን ናት። የገዛችውም ለዚህ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ቅዳሜ፣ ሎረንስቪል ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ፣ ሀይዌይ 78 ላይ ኢንጂኑ ድንገት ቀጥ አለ። ምንም ምልክት አልሰጣትም። ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማች፤ የኋላው ጎማ ተቆለፈ፤ ሞተር ሳይክሉ ከሥሯ ወዲያና ወዲህ ይወናጨፍ ጀመር። ፍሪሲዮኑን ጨምቃ እንደምንም ወደ መንገዱ ዳር አወጣችው። ከኋላዋ ይመጣ የነበረው ከባድ መኪና ጥሩምባውን እየለቀቀ ሊነካት ምንም ሳይቀረው አለፈ። ሄልሜቷን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። 

ሞተር ሳይክሉ ገና ዋራንቲ ላይ፣ በፋብሪካው ዋስትና ሥር ነበር። ዘይቱን የምታስቀይረውም፣ ሰርቪስ የምታስደርገውም እዚያው የገዛችበት ሱቅ ነው። ስለዚህ በጎታች መኪና አስጭና ስትልከው ብዙም አልተጨነቀች። ደግሞም የሱቁ ሰርቪስ ማናጀር የአገሯ ሰው ነው፤ ታደገ ይባላል። ታደገን የማያውቅ የአትላንታ ሐበሻ የለም። ሠርግ ላይ መድረክ የሚመራው እሱ ነው። ሰው ሆዱን ይዞ እስኪንፈራፈር ማሳቅ ያውቅበታል።

«አይዞሽ ፋንዬ፣ ለእኔ ተዪው» አላት ስልክ ላይ።

ተወችለት። ትንሽ ቆይታ ሱቁ ስትሄድ ታደገ ከኮምፒዩተሩ ቀና ሳይል፣ «እህቴ፣ ክሌሙ ዲናይ ተደርጓል፤ ኩባንያው አይከፍልም» አላት።

«ለምን?»

«ከአቅሙ በላይ እየጋለብሽው ነው የሞተው። ዋራንቲ ደግሞ እንደሱ ያለውን አይሸፍንም።»

«እኔ? ታደገ፣ እኔን እኮ ታውቀኛለህ። ለመሆኑ ኢንጂኑን ከፍታችሁ አያችሁት?»

ሳቅ አለ። «ምን ያስከፍተናል? ስንት ዓመት የሠራሁበት አይደል እንዴ! ሳየው አውቃለሁ።»

ፋናዬ ስትወጣ በሱቁ ጀርባ በኩል ዞረች። ሞተር ሳይክሉ ከአጥሩ ሥር ዝናብ ላይ ቆሟል። ጎታቹ መኪና ላይ የታሰረበት ገመድ እንኳን ከእጀታው አልተፈታም። ማንም እጁን አላሳረፈበትም።

እቤቷ ገብታ ለአምራቹ ኩባንያ ደወለች። ስልኩን ያነሣችው ልጅ በትሕትና አስረዳቻት፤ ሱቁ ኢንጂኑን በሙሉ ከፍቶ መርምሯል፣ ጥፋቱ የነጂዋ ነው ብሎ ሪፖርት አድርጓል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። ፋናዬ ስልኩን ዘጋች። እንዲህ ያለው ሥራ ለሱቁ ጣጣው ብዙ፣ ጥቅሙ ትንሽ እንደሆነ ትገምታለች። ታደገ ድካሙን ሸሽቶ በአንድ መስመር ውሸት ተገላግሎታል። እስከዚህ ድረስ ብትናደድም ነገሩ የኢንጂን ነገር ነበር።

እሑድ ግን ሌላ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓደኛዋ ሶፍያ ምግብ ቤት ጎራ አለች። ቤቱ ሞልቷል። መሐል ላይ ታደገ ወንበር ገልብጦ እንደ ፈረስ ተቀምጦበታል። ነጠላ ከአንዷ ተቀብሎ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። በአፉ እያጓራ ወዲያና ወዲህ ይዘምማል። «ልጆች! ቀበቶ እሰሩ! እትዬ ፋናዬ ዛሬ ሬስ አለባት!» ሰዉ በሳቅ ይንከተከታል። ፋናዬን በሩ ላይ ያያት ጊዜ ያፍራል ብላ ጠበቀች። አላፈረም።

«ይኸው መጣች! መንገድ ልቀቁላት!»

ያን ጊዜ የሳቀውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየችው። ከዚያ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ሲና የምትባል እናት ሁለት ልጆቿን ይዛ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመች። ልጆቹን ግን አላሳፈረቻቸውም።

«ፋናዬ፣ አትቀየሚኝ። እውነት መንገድ ላይ ሬስ እየገባሽ ትሽቀዳደሚያለሽ?»

«ማን አለሽ?»

«ሰው ሁሉ ነው የሚያወራው። እስኪጣራ እኔው ራሴ ባደርሳቸው ይሻለኛል።»

ትንሿ ልጅ እጇን አውለበለበችላት። ፋናዬ በሩን ዘግታ ነዳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው ኢንጂን ብቻ አልነበረም። ታደገን ፈለገችው።

ለኩባንያው መደወል የዘወትር ሥራዋ ሆነ። ተዘግቷል ሲሏት የበላያችሁን አገናኙኝ ትላለች። የበላዩም ተዘግቷል ሲላት የእሱን የበላይ ትጠይቃለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ኢንጂኑ አልተከፈተም። ሰው ልካችሁ በፊቴ ክፈቱት» ብቻ ነው የምትለው። በመጨረሻ አንዱ ሰለቸው መሰል፣ ኢንጂኑን የሚመረምር ኢንስፔክተር እንልካለን አላት።

ወሬው ሱቁ ሲደርስ ታደገ ራሱ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል። «ፋንዬ፣ ምን አስቸኮለሽ? ያገለገለ ግን ደህና ኢንጂን አለኝ፤ በነፃ አስገባልሻለሁ። ነገር አናብዛ።»

«እኔ የፋብሪካውን ነው የምፈልገው» ብላ ዘጋችበት።

ፋናዬ ጠዋት ልጆቹን ካደረሰች በኋላ እስከ ከሰዓት ድረስ ዕረፍት አላት። አቮንዴል እስቴትስ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ሐይቅ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። ኢንስፔክተሩ ሳይመጣ አንድ ቀን ታደገ እዚያ መጣባት። የሥራ ሸሚዙን እንደለበሰ ነው፤ ፊቱ ገርጥቷል። ፈቃድ ሳይጠይቅ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ጥፋቴን አውቃለሁ» አለ። «ትናንት ኢንጂኑን ከፍቼዋለሁ። ያንቺ ጥፋት አይደለም። የዘይት መተላለፊያው ከፋብሪካ ሲወጣም ድፍን ነበር፤ ኩሽኔታው ዘይት አጥቶ ተቃጥሏል። አዲስ ኢንጂን ማግኘትሽ አይቀርም።»

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣህ?»

«ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር ይጠይቅሻል። ታደገ ክሌሙን የከለከለሽ ቀን ኢንጂኑ ተከፍቶ ነበር ወይ ይልሻል። አዎ በዪልኝ። አይቶ ተሳስቷል ይባልና ያልፋል። ሳያይ ነው የጻፈው ከተባለ ግን በዚህ ሥራ ሁለተኛ ማንም አይቀጥረኝም። ባለቤቴ እርጉዝ ናት። አንቺን ምንም አያጎድልሽም፣ ፋንዬ።»

ፋናዬ ምሳ ዕቃዋን ከደነች። ያለው እውነት ነው፤ ምንም አያጎድላትም።

«መጀመሪያ ያሳቅህበት ቦታ ሂድ» አለችው። «እሑድ፣ ሰው በሞላበት፣ እኔም ባለሁበት። ቆመህ እውነቱን ተናገር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አስብበታለሁ።»

ታደገ እጇን ይዞ ሳመው። እሺ ያለችው መስሎታል። ፋናዬም አላረመችውም።

እሑድ ምግብ ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቷል። ሲና ከልጆቿ ጋር አንዱ ጥግ ነበረች። ታደገ ሲነሣ ሰዉ ቀልድ ሊመጣ ነው ብሎ ገና ከአሁኑ ፈገግ አለ። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጽ ተዘጋጀ።

«ስለ ፋናዬ ያወራሁት ውሸት ነው» አለ ታደገ። አሁንም የሳቀ ነበር። «ቀልድ አይደለም። ሬስ አላደረገችም። ሞተሩ የተበላሸው በፋብሪካው ጥፋት ነው። እኔ ሳላየው ነው አንቺ ነሽ ያበላሸሽው ያልኳት። ሊገድላት ነበር፤ እኔ ግን እዚህ መጥቼ አሳቅኩባት።»

ሳቁ ጠፋ። ክፍሌ የሚባል፣ ከሁሉም በላይ ያን ቀን ሲስቅ የነበረ ሽማግሌ፣ «ኧረ አንተ ሰው!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ታደገ ላብ እያጠመቀው ፋናዬን አያት፤ ይበቃሻል ወይ የሚል ይመስላል። ፋናዬ ምግቧን ትበላለች። አጥንቷ ውስጥ ድረስ ደስ ብሏት ነበር። ግን አልበቃትም።

ሲና መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። «ይቅር በዪኝ። ነገ ልጆቹን አመጣለሁ።»

«በሰዓታቸው ይውጡ» አለቻት ፋናዬ። 

ኢንስፔክተሩ የመጣ ዕለት ፋናዬ ሱቁ ውስጥ ከሁሉም ቀድማ ተገኘች። ሰውየው ረጅም፣ ዝምተኛ ፈረንጅ ነው። ኢንጂኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ መብራት እያበራ መተላለፊያውን መረመረ፤ በቀጭን ሽቦ ሞክሮ እንደማያልፍ ለፋናዬ አሳያት። «ዕድለኛ ነሽ» አላት። «በዚህ ብልሽት ሰዎች ሞተዋል። አዲስ ኢንጂን እናስገባልሻለን።»

አመሰገነችው። ታደገ የሱቁ ባለቤት አጠገብ ቆሞ እጁን አጣምሮ ይጠብቃል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሱቁ ክሌሙን የከለከለሽ ቀን ይህ ኢንጂን ተከፍቶ ነበር?»

ታደገ በዓይኑ ለመናት። ፋናዬ ያንን ከባድ መኪና አላሰበችም። ያሰበችው ትንሿን የሲና ልጅ ነው፤ ከእናቷ ጎን ቆማ እጇን ያውለበለበችላትን።

«አልተከፈተም» አለች። «ውጭ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር፤ የተጎተተበት ገመድ አልተፈታም። ከፈታችሁት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ምን ያስከፍተናል ብሎ ሳቀብኝ።»

የሱቁ ባለቤት ቀስ ብሎ ወደ ታደገ ዞረ። ታደገ በአማርኛ፣ «ፋንዬ፣ ቃል ገብተሽልኝ!» አለ።

«አስብበታለሁ አልኩህ። አሰብኩበት።»

ታደገ በዚያው ሳምንት ከሥራ ተባረረ። አዲሱ ኢንጂን ከነማሸጊያው ከፋብሪካ መጣ፤ ገብቶ ሲያልቅ ፋናዬ ሄዳ ሞተር ሳይክሏን ወሰደች። ሶፍያ ነገሩን ስትሰማ ግን ተቆጣች። ምግብ ቤቷ ባዶ በነበረበት ከሰዓት ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ «ሰው መሐል አዋርደሽዋል። አይበቃም ነበር? የሚወለደው ልጅ ምን አደረገሽ?» አለቻት።

«ምንም አላደረገኝም።»

«ታዲያ?»

«ሶፍያ፣ እዚህ ቤት ሲስቁብኝ አንቺ ሳህን ይዘሽ ቆመሽ ነበር። አልሳቅሽም። በቃችሁም አላልሽም።»

ሶፍያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ለብዙ ጊዜ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ሆነ።

በአሜሪካው በጋ አጋማሽ ፋናዬ ነዳጅ ልትቀዳ ስትቆም ታደገን ከጎኗ ባለው መቅጃ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። የሰው ምግብ የሚያደርስበት መኪና ውስጥ የምግብ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ከኋላ ወንበር ላይ የሕፃን መቀመጫ ታስሯል። ሞተር ሳይክሉን አየ፣ እሷን አየ።

«ወንድ ነው ሴት?» አለችው ወደ መቀመጫው እየጠቆመች።

«ሴት ናት» አላት። «እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን አልፈው ነበር።»

«በኔ ቦታማ አልነበርክም» አለችው።

  እንኳን ማርያም ማረቻት ልትል አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችው። የነዳጁን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች፣ ሄልሜቷን አጠለቀች፣ ከሥራ የሚመለሱት መኪናዎች እስኪያሳልፏት ጠብቃ መንገድ ገባች።