በካርዱ ላይ የተጻፈው ዝምድና

«ምኗ ነዎት?» አለ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ቀና ሳይል።

ይስማው ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከሁለት ሰው በኋላ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ተሰልፈዋል፤ ዓይናቸውን ሊታዩ ነው የመጡት። ሴት ልጁን ወይንእሸትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ቤቱ ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው።

«ጎረቤቷ ነኝ» አለ።

አጠገቡ የቆመችው አየሁሽ ፊቷንና አንገቷን የሞሉትን እብጠቶች በነጠላዋ ሸፈነች። ታላቅ እህቱ ናት፤ አዝላ ያሳደገችው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሽማግሌዎቹ ቢቸና ቤቱ መጥተው ሳለ፣ ከግንደወይን ልታግዝ የመጣችውን አየሁሽን አይተው ማን እንደሆነች ጠየቁት። ሽማግሌ የልጅቷ ዘር በሽታ እንዳለበት ሳይመረምር አያጭም። ያን ቀንም «ጎረቤታችን ናት» አላቸው። ዛሬ እስከ ሞጣ ሆስፒታል ድረስ ያመጣት ቢቸና የሚያውቀው ሰው ስለሚበዛ ነበር። እዚህም ጋሽ ሀብተ አጋጠሙት። ይስማው ሃያ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሯል፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል በሽታን «እርግማን ነው» ያለ ሁሉ ከእሱ ጋር ሳይጣላ አይወጣም።

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ዶክተር ሪሃብ አየሁሽ ክንድ ላይ ያለውን እብጠት ዳበሰች። «እትዬ፣ ይሄኛው ከመቼ ወዲህ ነው የሚያምዎት?»

«ከጾሙ ወዲህ ነው፣ ልጄ። በሽታውስ ድሮ በቀትር ምንጭ ወርጄ ጋኔን ለክፎኝ ነው አሉ። ጥፋቱ የኔው ነው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለዎት?»

«ሁሉም።»

ይስማው ወለሉን አየ። ሁሉም ሲሉ እሱ ዝም ብሎ ነበር።

«ምንም አላጠፉም። አብሮዎት የተወለደ ጉድለት ነው» አለች ሐኪሟ። «እብጠቱ የሚያድገው የነርቭን ክር ከሚሸፍኑ ሕዋሳት ነው። ነርቩም ቢሆን ያው ጉድለት ስላለበት እረፍት የለውም፤ ከልክ በላይ እየነዘረ አጠገቡ ያሉት ሕዋሳት እንዲያድጉ የሚገፋ ነገር ያመነጫል። በአይጦች ላይ ሲሞከር፣ ነርቩን ጸጥ ሲያደርጉት የእብጠቱ እድገት ቀንሷል።»

አየሁሽ ሳቅ አለች። «እንግዲህ ነርቩ ተደብቆ ይቀመጣል፣ የሚሰደበው እብጠት ብቻ ነው በይኛ።»

የይስማው ጆሮ ጋለ።

«ክንድዎ ላይ ያለው ወደ ክፉ ነገር ተለውጦ እንዳይሆን ባሕር ዳር እልክዎታለሁ። ከቤተሰብዎ ገላው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ሰው አለ? ካለ እሱም ልጆቹም መታየት አለባቸው። ይወረሳል።»

«የለም» አለች አየሁሽ፣ ይስማው አፉን ሳይከፍት።

በልጅነቱ የይስማውን ገላ ያጠበችው እሷ ናት። ብብቱ ውስጥ የተበተነውን ነጠብጣብ ታውቃለች። ይስማውም ምን እንደሆነ ከተማሪነቱ ጀምሮ ያውቃል። ወይንእሸት ተወልዳ ጀርባዋ ላይ ያንኑ ሲያይ ለእናቷ «የልደት ምልክት ነው» ያላት እሱ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ተቆጣት። «ለምን ዋሸሽ፣ እታለም?»

«አንተ ስለ ዋሸህ ነዋ። ልጅቷን መጀመሪያ ዳራት። እኔ እንደሆንኩ ለምጄዋለሁ።»

ይስማው ካርዷን ከእጇ ወስዶ ወደ መውጫው አመራ።

ጋሽ ሀብተ ካርዳቸውን ይዘው አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ሲያዩት ከዘራቸውን አነሡ። «መምህር፣ ደግ ሰው ነህ። ዛሬ ለጎረቤቱ እንዲህ የሚደክም ማን አለ?»

ይስማው ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ የሰማ መሰለው። ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄዶ የአየሁሽን ካርድ አስቀመጠ።

«ይሄ ስሕተት ነው» አለ፣ አግዳሚው ድረስ እንዲሰማ አድርጎ። «ጎረቤቴ አይደለችም። እህቴ ናት፣ የእናቴ ልጅ።»

ሠራተኛው የጻፈውን ሰርዞ አስተካከለ። ከኋላ ከዘራው ወለሉን ሲነካ ተሰማ፤ ይስማው አልዞረም። እስከ ጉሮሮው የቆለፈውን የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

«ለእኔም ካርድ አውጣልኝ።»

«እርስዎንስ ምን አመመዎት?»

«የእሷው ነው» አለ።