ቀብሩ ዓርብ፣ መርዶው እሑድ

እና ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም፣ ለነፍስ አባቷ እንኳ፣ አብሯት ለሚያድረው ለባሏ ለኣውኣሎም እንኳ፣ ሽማግሌዎቹ የእናቷን ሞት ሊያረዷት በማለዳ በሯን ያንኳኩ ዕለት ለተስላሴ ታውቅ ነበር። አውቃ ነው የጮኸችው። አውቃ ነው ደረቷን የደቃችው። አሁን ከሌክውድ ወደ አውሮራ እየነዳች፣ ከፊቷ ያለው ፒክአፕ የቀለጠ በረዶ እየረጨባት፣ ያ ጩኸት እንደገና ይመጣባታል፣ ምክንያቱም ዛሬ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከሆኑት ከጋሽ ወልደየስ ቤት ተቀምጣ ተስማምታ ወጣች፣ ተስማማች እንኳ አይባልም፣ አንገቷን ደፋች፣ አንገቷን ከደፋች ደግሞ እሺ እንዳለች ይቆጠርላታል፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ነው።

ታመው የሰነበቱት የጓደኛዋ የምንትዋብ አባት ፍራንክፈርት አርፈዋል። ምንትዋብ አታውቅም። ቀብሩ ዓርብ ነው፣ መርዶው እሑድ።

እሑድ ሰው ሁሉ ከሥራ ኦፍ ነው ይላሉ ጋሽ ወልደየስ፣ ሰው ሳይሰበሰብ ብቻዋን ብትሰማ ትጎዳለች ልጄ፣ አንቺ ለእሷ እህት ማለት ነሽ፣ ከፊት ሁኚና ያዣት። የምንትዋብ ባል አዶኒያስ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የመኪና ቁልፉን ያሽከረክራል፣ ልንጠይቃቸው የቆረጥነውን ትኬት ካንስል አድርጌዋለሁ፣ ሥራ ቦታ ፈቃድ ከለከሉኝ ብያታለሁ፣ አመነችኝ፣ ምስኪን። ምስኪን! ቪዛው እኮ ፓስፖርቷ ላይ ተለጥፏል፣ ያመለከተችላት ራሷ ለተስላሴ ናት፣ እዚህ ከተማ ያንን ሕግ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ የምታውቅ ሌላ ማን አለ፣ ዜግነቱ የአውሮፓ የሆነ ሰው ከራሱ አገር ውጭ ወዳለ ሌላ የአውሮፓ አገር ሲሄድ ሚስቱ የውጭ ሰው ብትሆንም አብራው ከሄደች ወይም ተከትላው ከደረሰች ቪዛዋ በነፃ ነው፣ ባስቸኳይ፣ የባንክ ወረቀት አምጪ ሆቴል አስይዢ የለም፣ ጋብቻሽን አሳዪ በቃ። አዶኒያስ የሆላንድ ዜጋ ነው፣ ጀርመን ለእሱ የሰው አገር፣ ስለዚህ ለምንትዋብ በነፃ። ኣውኣሎም የስዊድን፣ ጣሊያን የሰው አገር፣ ለእሷም በነፃ። ያኔ ቀልዶባት ነበር፣ አየሽ ለቱ፣ ወደ ራሴ አገር ብወስድሽ ያስከፍሉሻል፣ ወደ ሰው አገር ስወስድሽ በነፃ፣ እንዲህ ያለ ባል ከየት ታመጫለሽ። ሳቀች። ምን ያስቃል?

አብራው ከሄደች። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። መብቱ የእሱ ነው፣ ለእሷ የሚደርሳት ከእሱ የተረፈው ነው፣ እሱ ሲነሳ ትነሳለች፣ እሱ ሶፋው ላይ ከቀረ ያ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ምን ያደርግላታል፣ ኤርፖርት ላይ ፖሊሱ ባልሽስ የታለ ቢላት ምን ልትል ነው፣ ቤት ሰሃን እያጠበ ነው? ብራስልስ ያሉ ሕግ አውጪዎችና ሌክውድ ያሉ ሽማግሌዎች ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል፣ ሁለቱም ሴትዮዋን አንስተው ለባሏ አስረክበዋታል።

ሰሃን ማጠቡን ያነሳችው ያለ ነገር አይደለም። ጣሊያን፣ ቦሎኛ ሆኖ እናታቸውን ሲያስታምም የቆየው ወንድሟ ሰረቀ ሞቷን የነገረው ለእሷ አይደለም፣ ለኣውኣሎም ነው፣ ወጉ ነዋ፣ ሴት ልጅ በስልክ አትረዳም። የዚያን ቀን ማታ ኣውኣሎም ሰሃን አጠበ። በማግስቱም አጠበ፣ ወጥ ሠራ፣ ጨው በዛበት፣ እግርሽን ዘርጊ ደክሞሻል አላት፣ ኮሜርስ ሲቲ ዌርሃውስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ሲያነሳ የሚውል ሰው። ቦሱ ፈቃድ ከለከለኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንሄዳለን፣ እማማ እንደሆነ ደህና ናቸው። ደህና ናቸው። እሷ ግን ቀን ላይ፣ ከምትሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ብሬክ ሩም ሆና፣ የሰረቀ ልጅ ሔቨን የለጠፈችውን ስልኳ ላይ አይታለች፣ ሻማ፣ የእናቷ ፎቶ በነጭ ነጠላ፣ የተሰበረ ልብ። ልጅቱ ወጉን ማን አስተማራት። ደህና ናቸው ሲላት ታዲያ ምን አለች? እግዚአብሔር ይመስገን አለች። ለሞተች እናቷ እግዚአብሔር ይመስገን! ዛሬ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች፣ አልነገራትም፣ ነገ አለች፣ እናቷ ተቀበረች፣ እሷ ጨው የበዛበት ወጥ በላች። ውሸታም ልትለው ነበር፣ አፏ እምቢ አለ፣ አልለመደማ፣ ገመና ሸፍኖ ያደገ አፍ ነው፣ ቢከፍቱት እንኳ መልሶ ይዘጋል።

ከዚያ እሑድ ማለዳ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማች፣ ሌላ በር፣ ሌላ በር፣ ደረጃው ላይ ኮቴ። አልጋዋ ላይ ሆና ፊቷን አዘጋጀች። ፊቷን! እንዳልሰማ ሰው ምን ዓይነት ፊት ይደረጋል? ጮኸች፣ ያዟት፣ ጋሽ ወልደየስ አለቀሱ፣ ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በቀለላት፣ ለከተማው ቀባሪ አስታማሚ እሳቸው ናቸው፣ ምን ብላ ትጥላቸው። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ኣውኣሎም ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ ሲያስረዳ ትሰማለች፣ ቪዛው ዘግይቶባት ነው፣ እነዚህ ነጮች፣ ሕዝቡም እህህ ይላል፣ ነጮችን ይረግማል፣ እሷም ነጠላዋ ውስጥ አንገቷን ትነቀንቃለች። ቪዛው መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ስልኳ ይጮኻል፣ መልእክቱን መኪናው ያነብላታል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን አማርኛ እየሰባበረ፣ ምንትዋብ ናት፣ ለቱዬ ለአባዬ ስደውል ተኝተዋል ይሉኛል፣ ይሄን ሁሉ ሰው ይተኛል እንዴ ሃሃ።

ሃሃ።

ቻምበርስ ሮድ መታጠፊያው ላይ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከኋላዋ ያለው ጡሩምባ ይነፋባታል፣ ና እለፍ፣ ና ውጣብኝ ትላለች በመስታወቱ፣ እሷ፣ በሥራ ቦታ ኤክስኪዩዝ ሚ ለማለት ሁለቴ የምታስብ ሴት። ምን ማለት ነው ሃሃ? ምናልባት ምንትዋብ ታውቃለች። ምናልባት እሷም አዶኒያስ እንዲነግራት እየጠበቀች ነው፣ እሱም ዛሬ ማታ ሰሃን ያጥብላታል፣ እሑድ ደግሞ እኔ ከፊት ሆኜ እይዛታለሁ፣ የእኔ እጅ፣ ደረቷን ስትደቃ የምይዘው የእኔ እጅ፣ አንዷ አዋቂ ሌላዋን አዋቂ ይዛ፣ ሁለታችንም ፊታችንን አዘጋጅተን።

ቤት ስትገባ ኣውኣሎም ከቴሌቪዥኑ ዞር ይላል፣ እንዴት ተባባላችሁ? እሑድ። ጥሩ ነው፣ እንደሱ ይሻላል፣ አንቺንም እኮ እንደዚያ ባናደርግ ኖሮ ይላል፣ ይተወዋል። ባናደርግ ኖሮ ምን? እናቴን እቀብር ነበር ትላለች በሆዷ፣ ከዚያ ድምፅ ትሰማለች፣ የራሷን ድምፅ፣ እናቴን እቀብር ነበር፣ ከቀብሩ በፊት አውቄ ነበር፣ ሔቨን ለጥፋው አይቼዋለሁ። ኣውኣሎም ቴሌቪዥኑን ያጠፋል፣ ሪሞቱን ግን ከእጁ አያስቀምጥም። አታዝንለትም፣ ዛሬ አይደለም፣ ሌላ ቀን ታዝንለት ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ደውላ አልመጣም ትላለች፣ ምክንያት አትሰጥም። የምንትዋብን በር የሚከፍትላት አዶኒያስ ነው፣ ለቱ፣ ምነው በደህና? ዓይኑ ይለምናታል፣ በፒጃማው ነው፣ ልጅ ይመስላል። ታልፈዋለች። ምንትዋብ እንጀራ ፍርፍር እየበላች ነው፣ ስኳር ስላለባት በባዶ ሆድ አይነገራትም፣ ለተስላሴ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ብዪ፣ መጀመሪያ ብዪ፣ ጓደኛዋ እያየቻት ትበላለች፣ ቀስ እያለች፣ ጨርሳ እጇን እስክትጠርግ ትጠብቃታለች፣ ከዚያ ያንን እጅ ትይዘዋለች። ምንትዬ፣ አባባ አርፈዋል። ቀብራቸው ዓርብ ነው፣ ትደርሻለሽ።

ምንትዋብ አትጮህም። የሚጮኸው አዶኒያስ ነው፣ ማን ፈቀደልሽ፣ ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው፣ ሰው ምን ይለናል።

ልበስ ትለዋለች ለተስላሴ፣ ድምጿ ግድግዳውን አልፎ ጎረቤት ይደርሳል፣ ሻንጣህን አውጣ፣ ያለ አንተ አያስገቧትም።