ሰባት ኢንች ተኩል አፈሙዝ

ዘመናትን በመዳፉ የያዘ አምላክ ከአንደበት የወጣውን ቃል ብቻ ሳይሆን በጥርስ መካከል ተውጦ የቀረውንም ይሰማል። ሰው ያላየውን እርሱ አይቶታል፤ ሰው የሸሸገውንም በራሱ ጊዜ ወደ ብርሃን ያወጣዋል። በእርሱ ዕውቀት፥ እርሱ በወሰነው ዘመን፥ በኬንታኪ ተራሮች መካከል ቤርፔን በሚባል ወንዝ ዳር ደልማር ስታይደም የሚባል ጠመንጃ ሻጭ ይኖር ነበር።

ደልማር ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች የሚነገረው ነገር እንቅልፉን ባልነሣው ነበር። ሱቁ ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ከምድጃው ዙሪያ ሦስት ያረጁ ወንበሮች አሉ፤ ምንም ሳይገዙ ቀኑን ሙሉ የሚያወሩ ሰዎችም አይጠፉባቸውም። በዚህ ሱቅ አንድ የቆየ ሥርዓት አለ፦ ማንም ቢሆን ሳይተኩስ ጠመንጃ አይገዛም። ገዢው የጆሮ መከላከያ አድርጎ ከሱቁ ኋላ ወዳለው የአፈር ጉብታ ይወጣል፤ አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ከዚያ በኋላ ይስማማል ወይም ይተወዋል። የደልማር አባት «ጠመንጃ እንደ ጫማ ነው፤ ሳይለኩት አይገዛም» ይሉ ነበር። ሜዳ ላይ፥ ጆሮ ተሸፍኖ የተለካ ጠመንጃ በጠባብ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ሥርዓቱ አያሳይም ነበር። ይህን ከገዢዎቹ አንዱም አያውቅም፤ ደልማር ግን ያውቅ ነበር።

በመጋቢት ወር አንድ ጧት ኦርቢን ሴክስተን ወደ ሱቁ ገቡ። ኦርቢን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የድንጋይ ከሰል ሲቆፍሩ ኖረው፥ ቀኝ ትከሻቸውን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው የወጡ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ግን በድምፃቸው ነበር። የቤርፔን ምእመናን ባፕቲስቶች ናቸው፤ ፒያኖም ጊታርም ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው አያስገቡም። አንድ ሰው ቆሞ ስንኙን በዜማ ያወጣል፤ ጉባኤው ተቀብሎ እያረዘመ፥ እንደ ተራራ ጭጋግ እየጎተተ ይመልሰዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ያ አውጪ ኦርቢን ነበሩ።

«ደልማር፥ አንድ አጭር ነገር ፈልግልኝ እስቲ» አሉ ቆባቸውን አውልቀው። «የታመሙ ቀበሮዎች ከጫካ እየወረዱ ነው፤ የጎረቤቴን ውሻ ነክሰው አሳበዱት። የትከሻዬን ነገር ታውቀዋለህ፤ ረጅሙን ካነሣሁ ሳልደግነው ይመሻል። ኮሪደሬ ደግሞ ሁለት ድመት ጎን ለጎን አያሳልፍም።»

ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተዘርግቶ የተቀመጠው ሆበርት ፉጌት ሣቀ። «ለእርስዎ ጠመንጃ ምን ያደርግልዎታል ወንድም ኦርቢን? አንድ ስንኝ ቢያወጡበት ቀበሮው ራሱ ንስሓ ይገባል!»

«አንተን አርባ ዓመት አውጥቼብህ መቼ ገባህ?» አሉ ኦርቢን።

ሱቁ በሣቅ ተናወጠ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፤ በዚያ አገር የአፈሙዝ ርዝመት ሲነሣ ዝም የሚል ወንድ የለምና። አንዱ «ከዐሥራ ስድስት ኢንች በታች ያለ ጠመንጃ አይባልም» አለ። ሆበርት ዐሥር ተኩል ይበቃል ብሎ ማለ። ሌላው ስለ መብራቱ፥ ስለ ማንገቻው፥ ስለ ማነጣጠሪያው አንድ በአንድ ይዘረዝር ጀመር።

ደልማር ትክክለኛውን መልስ ያውቅ ነበር። በጠባብ ቤት ለሚኖር፥ ትከሻው ለተሰበረ አዛውንት የሚስማማው ባለ ዘጠኝ ኢንቹ ነው፤ ጥይቱ ከባድና ዘገምተኛ፥ ባሩዱም ከአፈሙዙ ሳይወጣ ተቃጥሎ የሚያልቅ፤ በአፉ ላይ ደግሞ ድምፅ ማፈኛ የተገጠመለት። ይህ ግን በሱቁ አልነበረም፤ መታዘዝ ነበረበት። በግድግዳው ላይ የነበረው ባለ ሰባት ኢንች ተኩል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚገዛው አጥቶ ተሰቅሎ ስለኖረ ሆበርት «ቆሞ ቀሯ» የሚል ስም አውጥቶለታል። በአፉ ላይ ርግጫን የሚያበርድ፥ ጎንና ጎኑ የተቦረቦረ ብረት አለው፤ ያ ብረት ትከሻን ያሳርፋል፥ ጩኸቱን ግን መልሶ ወደ ተኳሹ ጆሮ ይረጫል። በመደርደሪያው ላይ የነበሩት ጥይቶችም ለረጅም አፈሙዝ የተሠሩ፥ ቀላልና ፈጣን ናቸው፤ በአጭሩ ሲተኮሱ ባሩዳቸው ገና ሳያልቅ ወጥቶ በአየር ላይ ይነድዳል።

«ይህንን ይሞክሩት» አለ ደልማር፥ እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ።

ኦርቢን ወደ ጉብታው ወጡ፤ ጆሯቸውን ሸፍነው አንድ ጊዜ ተኮሱ፤ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። «ይኼ ነገር እኮ አልመታኝም! ሕፃን ልጅ ትከሻዬን ነካ ያደረገኝ ነው የመሰለኝ!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ባንኮኒው ተጠጉ። «ድምፁስ ደልማር? ቤት ውስጥ ብተኩሰው? ጆሮዬ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የጉባኤው ነው።»

በደልማር ቀኝ ጆሮ ውስጥ የመስሚያ መሣሪያ ነበረ። ከስምንት ዓመት በፊት በሱቁ ምድር ቤት፥ ተመሳሳይ አፈሙዝ በተመሳሳይ ብረት ሲሞክር፥ በአንዲት ጥይት የጠፋ ጆሮ ነው። ለሰው ሁሉ ግን በወጣትነቱ በሠራበት የከሰል ጉድጓድ የመቆፈሪያ ማሽን ያደነቆረው አስመስሎ ሲናገር ኖሯል፤ ጠመንጃ ሻጭ በገዛ ጠመንጃው ደነቆረ መባልን ስለ ፈራ።

«እንደ ማንኛውም ጠመንጃ ነው» አለ።

አራት ቃል ናት። ሲናገራት ምላሱ አልተያዘም፤ እርሱንም ኋላ ያስፈራው ይኸው ነበር።

ለእንዲህ ያለ አጭር ጠመንጃ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሻራ ተሰጥቶ፥ ቅጽ ተሞልቶ፥ ወረቀቱ እስኪመለስ ጠመንጃው በሻጩ ሣጥን ተቆልፎ ይቆያል። ወረቀቱ አምስት ወር ፈጀ። በእነዚያ አምስት ወራት ኦርቢን በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ወረቀቱስ?» ይሉታል፤ ደልማርም «ገና ነው» ይላል። እያንዳንዱ እሑድ እግዚአብሔር የከፈተለት በር ነበር። «ሌላ አገኘሁልዎ፥ ይህን ይተዉት» ማለት ብቻ ነበር የቀረው። እርሱ ግን፥ መከላከያውን እሰጣቸዋለሁ፥ ምናልባትም በሕይወታቸው አንድም ቀን አይተኩሱትም እያለ በሩን በገዛ እጁ ሲዘጋ ከረመ። በነሐሴ ጠመንጃውን አስረከበ፤ የጆሮ መከላከያም በስጦታ ጨመረ። ኦርቢን ሁለቱንም በኮሪደራቸው ግድግዳ በአንድ ምስማር ላይ ሰቀሏቸው።

በጥቅምት አንድ ጧት ኦርቢን ቁርሳቸውን ሲጠብሱ ውሻቸው እየጮኸ በተከፈተው የጓሮ በር ገባ። ከኋላው አፉ አረፋ የደፈቀ ቀበሮ ተከትሎታል። ኦርቢን ወደ ምስማሩ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጠመንጃውን አነሡ፤ መከላከያውን ለማድረግ ግን ቀበሮው ጊዜ አልሰጣቸውም። በዚያች ሁለት ድመት በማታሳልፍ ኮሪደር ውስጥ አንድ ጊዜ ቃታውን ሳቡ።

ቀበሮው ሞተ፤ ውሻው ዳነ። የኦርቢን ቀኝ ጆሮ ግን ፈጽሞ ተዘጋ፤ በግራውም ውስጥ የማትወርድ ጀበና ትፈላ ጀመር።

ደልማር ወሬውን በሰማ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ ወደ ኦርቢን ቤት ሄደ። የኮሪደሩ ግድግዳ በእሳቱ ጠቁሯል። ኦርቢን የገዛ ድምፃቸው ስለማይሰማቸው እየጮኹ ተቀበሉት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው! መከላከያውን ከዚህ ምስማር ላይ ትቼው! አንተማ ሰጥተኸኝ ነበር!»

ደልማር እውነት ነው እንደሚል ራሱን ነቀነቀ። በዚያ የራስ መነቅነቅ ሁለተኛ ጊዜ በደላቸው፤ መጀመሪያ ጆሯቸውን ወሰደባቸው፥ አሁን ደግሞ ጥፋቱን አሸከማቸው።

በተከታዩ እሑድ ኦርቢን እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ስንኙን አወጡ። ዜማው ተንጋድዶ ወጣ፤ ጉባኤው የሚቀበልበትን ቦታ አጥቶ ተደነባበረ። እርሳቸው አልሰሙትም፤ የሰዉን ፊት አይተው ግን አወቁ። መጽሐፉን አጥፈው ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ዜማቸው አልተሰማም። ደልማር በኋለኛው ወንበር ተቀምጦ ሌላ ሰው ሲያወጣ በሰማ ቁጥር፥ ሌባ የሰረቀውን ልብስ በገበያ ተለብሶ እንደሚያይ ሆነ። ምግብ ራቀው። ሆበርት «ሰውዬው ከቆሞ ቀሯ ጋር ነፍሱንም ሸጣት እንዴ?» ብሎ ሲቀልድበት ቃሉ እውነት መስሎ ተሰማው።

በሰኔ የእግር መታጠቢያው እሑድ ደረሰ። በቤርፔን ይህ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል፤ ወንዶች የወንዶችን፥ ሴቶች የሴቶችን እግር ያጥባሉ። በዋዜማው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተነሥቶ «በወንድሙ ላይ ነገር ያለው፥ ወይም ወንድሙን የበደለ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ጠየቀ፤ ደልማርም ከወንበሩ አልተነሣም። ያን ዕለት ግን ከቤቱ ተቀምጦ ሁሉንም በወረቀት ጻፈው። ለደንቆሮ ሰው በጆሮው ሹክ አይባልምና፥ ሲያጥባቸው በእጃቸው አስይዞ፥ ነገሩን በሁለታቸው መካከል ሊጨርሰው አሰበ።

እሑድ ረጅሙን ፎጣ ታጠቀ፤ ሳፋውን ይዞ ከኦርቢን ፊት ተንበረከከ። ጉባኤው እየዘመረ፥ ገሚሱም እያለቀሰ ነበር። ግራ እግራቸውን አጥቦ አደረቀ፤ ከዚያም ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ኦርቢን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ አራቁት፤ መለሱለት።

«መነጽሬ ቤት ቀርቷል» አሉ በጩኸት። «አንተው ንገረኝ!»

ደልማር ወረቀቱን በእጁ ጨበጠው። ወደ ግራ ጆሯቸው ተጠግቶ ተናገረ። «ምን?» አሉ። ድምፁን ጨመረ። «ምን አልከኝ?» አሉ እንደገና። ያን ጊዜ የእግዚአብሔር ብልሃት ገባው፦ በስውር የበደላቸውን ሰው በስውር ይቅርታ ሊጠይቃቸው መንገድ አልቀረለትም።

«ድምፁን አውቀው ነበር!» ብሎ ጮኸ። ዝማሬው ተቋረጠ። «ጆሮ እንደሚያጠፋ አውቅ ነበር! የእኔም ጆሮ የጠፋው በማሽን አይደለም፤ በዚያው ዓይነት አፈሙዝ ነው! ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት! አፈሙዙንም፥ ብረቱንም፥ ጥይቱንም የሰጠሁዎት ከእጄ እንዲወጡልኝ እንጂ ለእርስዎ ስለሚሆኑ አልነበረም! ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው!»

የሁሉም ሰው ዓይን በእርሱ ላይ ሆነ። ሆበርት እንኳ አንገቱን ደፋ። ኦርቢን የደልማርን አናት ለረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ፦

«አንዱን ብቻ ነው ያጠብከው» አሉ። «ሌላው እየጠበቀ ነው።»

ደልማር ቀኝ እግራቸውን አጠበ። እንባው ከውኃው ጋር ተቀላቀለ፤ አደረቀላቸውም። እንደ ሥርዓቱ ፎጣውን ፈትቶ ሰጣቸው፤ የታጠበ በተራው ያጥባልና። ኦርቢን ፎጣውን በጉልበታቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፈው ከወንበሩ ላይ አኖሩት።

«ያንተን ዛሬ አላጥብም ደልማር» አሉ፥ አሁን ሳይጮኹ። «እጄ እሺ አይለኝም። ይቅር አልልህም አላልኩም፤ ዛሬ ነው ያልኩት። የከርሞ ሰው ይበለን።»

«አሜን!» አለ ደልማር፥ እንዲሰማቸው ጮኾ። ያልታጠበ እግሩን በካልሲው ውስጥ ከትቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ማንም አጭር ጠመንጃ ሊገዛ ቢመጣ፥ ደልማር ስለ ርዝመት አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት የመስሚያ መሣሪያውን ከጆሮው አውጥቶ በባንኮኒው ላይ ያኖራል፤ እንዴት እንዳገኘውም ይናገራል። ገሚሱ ገዢ ይሄድበታል፤ እርሱም አያስቀረውም። ቆሞ ቀሯ ተሰቅላባት የነበረችው የግድግዳው ባዶ ቦታ ግን አሁንም ትወቅሰዋለች። ሰኔን ይጠብቃል፤ ሲደርስ ኦርቢን ፎጣውን ይታጠቁ እንደሆነ ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፥ ዝም ብላችሁ ያለፋችሁት እውነት ሳይመሽባችሁ ለመናገር ያብቃችሁ። ቤታችሁን ከሚነክስ አውሬ፥ ጆሯችሁንም ከሐሰት ይጠብቅ፤ በማዕዳችሁ ዙሪያ የሚወጣ ዜማ ሁሉ ተቀባይ አይጣ። አሜን።