ክኒን የማይዋጥበት ቀን

ሙትን መቆጣት ነውር ነው ይባላል። እኔ ግን ባለቤቴን ፈንታውን እስከ ዛሬ እቆጣዋለሁ፤ ጓደኛውን ጌቾን ደግሞ ከእሱ አብልጬ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2013 ፈንታው አዲስ አበባ ላይ አንገቱን ኦፕራሲዮን ሆነ። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የቀኝ ቧንቧው በስብ ጠብቦ፣ ግራ እጁ እየዛለ ዕቃ ይጥል ነበር። ሐኪሙ ሲሸኘን፣ «ይህን መንገድ ጠርጌልሃለሁ፤ ሌሎቹ ግን እንደነበሩ ናቸው» አለው። «አስፒሪኑ፣ የግፊቱና የስቡ ክኒን ዕድሜ ልክ ነው። ሲጋራና ጫት ከዛሬ ጀምሮ የለም።» ፈንታው እንደ ጨዋ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

ወደምንኖርበት ጅቡቲ ተመለስን። እሱ የከባድ መኪኖች ስምሪት ኃላፊ ነበር፤ እኔ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ሲጋራውን እውነትም ተወ። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ በሰፈራችን በሆዳን መንገዶች አብረን እንራመድ ነበር፤ እጁም ቀስ በቀስ በረታ። ጫት ግን በየቀኑ ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ ይገባል፤ ከተማው ሥራውን ጥሎ ይጠብቀዋል። ጌቾም ሹፌሮቹን አስከትሎ፣ የጫት እስሩን በብብቱ ይዞ ቤታችን ይመጣል።

አንድ ቀን ከለከልኩት።

«የታመመ ወንድሜን ባዶ እጄን ልጠይቅ?» አለኝ።

«ብርቱካን አምጣለት።»

«ብርቱካን ለአራስ ነው፣ ስርጉትዬ።»

በማግስቱ ብርቱካን ይዞ መጣ። ለእኔ። ጫቱ ለፈንታው።

ወሩ ሲያልቅ የክኒኑ ካርቶን አላለቀም ነበር። ፈንታውን ጠየቅሁት።

«በጫት ቀን ክኒን አይዋጥም» አለኝ። «ይጋጫል። ጌቾም ግፊት አለበት፤ እሱም እንደዚሁ ነው የሚያደርገው።»

«እዚህ አገር የጫት ቀን ያልሆነው የትኛው ነው?»

ሳቀ።

«ከተጋጨ ለምን ጫቱ አይቀርም?»

«ጫቱን የሚያመጣው ሰው ነው። ሰው እንዴት ይመለሳል?»

ክኒኑን በእጄ ላስውጠው ሞከርኩ። ልጅሽ አይደለሁም ብሎ ካርቶኑን ቢሮው ወሰደው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝን ሁሉ ይዤ ከአንድ እስር ቅጠል ጋር ስሟገት ከረምኩ፤ ተሸነፍኩ።

አንድ አመሻሽ ከሥራ ስመለስ ሰዎቹ በየፍራሹ ተጋድመዋል። ፈንታው ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ክፍት ነው። ከቀኝ ከንፈሩ ጥግ ምራቅ ይወርዳል። ጠራሁት። አልመለሰልኝም።

«ተይው» አለኝ ጌቾ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥሩ መርቅኗል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቃል አልወጣውም።»

ቀኝ እጁን አነሳሁት። ስለቀው እንደ ጨርቅ ወደቀ።

መርቅኖ ዝም ያለን ሰው ማናገር በእነሱ ዘንድ ነውር ነው። አንድ ክፍል ሙሉ ወንድ ለዚያ ነውር ሲጠነቀቅ ባለቤቴ ፊታቸው ሲሞት ዋለ። ከአጠገቡ የነበረው ሰው ትራስ አስተካክሎለታል። ሌላው ቅጠል መርጦ በእጁ አስይዞታል።

ሆስፒታሉ የሚታከምበት ሰዓት አልፏል አለኝ። የቀረውን አልጽፈውም።

ፈንታው በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ጌቾ ለቅሶ መጣ። አጎንብሶ ከፊቴ ተቀመጠ። «እግዜር የቆረጠው ቀን ነው፣ እህቴ» አለ።

«አፉ ሲጣመም አላያችሁም?» አልኩት።

«አየን። የሳቀ መስሎን አብረነው ሳቅን።»

ተነሳሁና በሩን ከፈትኩለት። ለቅሶ የመጣ ሰው አይባረርም፤ ሴቶቹ ነጠላዬን ጎተቱኝ። «ተይ፣ ሰው ምን ይላል» አለች አንዷ። በሩን እንደያዝኩ፣ ጫማውን ፈልጎ አጥልቆ እስኪወጣ ድረስ ቆምኩ።