ሦስተኛው ገባር

፩

በጥር ውሃ ይፈልቃል?

፪

አስናቀ ጥያቄውን ጮክ ብሎ አልጠየቀም። የመናፈሻው አትክልተኛ ነው፤ ሥራው ሣር ማጠጣት እንጂ ሰው ማስቀየም አይደለም። የቆርኬን ወንዝ* ግን ከነገባሮቹ እንደ ጓዳው ያውቀዋል። አንደኛው ገባር ከተራራው ይወርዳል፤ ኅዳር ሲገባ ይደርቃል። ሁለተኛው በገበያው ሥር ያልፋል፤ ስለ እሱ ባናወራ ይሻላል። ሦስተኛ የሚባል አልነበረም።

አሁን አለ። ከመናፈሻው አጥር ሥር፣ ከድንጋይ መሐል ኩልል እያለ ይወጣል።

*ካርታ ላይ አትፈልገው። ሰው ዘሎ የሚሻገረውን ወንዝ ካርታ ሠሪ አይቆጥረውም።

፫

መናፈሻው ውስጥ አዲስ ሰው ሠራሽ ኩሬ ተቆፍሯል። ቅዳሜ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል፤ ሚዜዎች ዳሩ ላይ ይጨፍራሉ። ኩሬው በቧንቧ መሞላት በጀመረ በሳምንቱ ከአጥሩ ውጭ «ፀበል ፈለቀ» ተባለ።

አንተም ጠረጠርክ አይደል? ጥሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የጠረጠረ ምን እንደሚሆን ግን የነገረን የለም።

፬

ታናሽ እህቱ ሙሉእመቤት አብራው ትኖራለች። ሳንባዋን ታማ የስድስት ወር መድኃኒት ታዞላታል።

«ኪኒኑን ዋጥሽ?»

«ፀበል ጀምሬያለሁ እኮ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«ማን አለ?»

«እትዬ ስንዱ። ተራ የሚያስይዙት።»

«እሳቸው ሐኪም ናቸው?»

«አስኔ፣ አንተን ድሮም ጥርጥር አይለቅህም። ዛሬ ሳሉ እንኳ ቀለል ብሎኛል።»

ቀሏት ይሆናል። ቀሚሷ ግን ከቀን ወደ ቀን እየሰፋት ነው። አስናቀ ፀበል የሚንቅ ሰው አይደለም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ይህችን ልጅ ሊቀብራት አይፈልግም።

፭

ፀበልን ከቧንቧ ለመለየት፦

ሰው ተጠምቆ እስኪበተን ጠብቅ። የኩሬውን መሙያ መዝጊያ ወደ ቀኝ አዙር፤ ዝጓልና ጠንከር አድርገህ። ከዚያ አጥሩን ዞረህ ሄደህ እይ።

መጀመሪያ አማትብ። አይጎዳም።

፮

ደረቀ።

፯

ሰው ግን አልተበተነም ነበር። አስናቀ ሲደርስ ቦታው ጢም ብሏል። የተባለው ሁሉ ይኸውና፦

እትዬ ስንዱ፦ በሕግ አምላክ! ማነው ሳይነጻ የገባ?

አንድ ሽማግሌ፦ ውሃው የሸሸው ይህች ልጅ ስትገባ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።

እትዬ ስንዱ፦ ልጄ፣ እውነቱን ተናገሪ። በልተሽ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ሙሉእመቤት፦ እህል አልቀመስኩም። ምንም የለብኝም።

ሽማግሌው፦ ታዲያ ውሃ እንዲሁ ይሸሻል?

ሙሉእመቤት፦ (ሳል)

ከአጠገቧ የነበሩት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። አስናቀ ይህን ሲያይ መዝጊያውን ያዞረውን የገዛ እጁን ጠላው።

፰

ተመልሶ መዝጊያውን ከፈተው እንበል። ውሃው ይመጣል፣ እልል ይባላል፣ እሷም «ምሕረት አገኘች» ትባላለች። ኪኒኑ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ አቧራ ይጠጣል።

እውነቱን ተናገረ እንበል። ሰዉ አያምነውም። እሷ ታምነዋለች፤ ያ ይብሳል። ተስፋዋን የዘጋባት ወንድሟ የሚሰጣትን ኪኒን ትውጣለች?

እኔ ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ፤ አንተ ካገኘህ መጨረሻው ላይ ቦታ ትቼልሃለሁ።

፱

ከሰው መሐል አየችው። ፊቷ በራ።

«ወንድሜ መጣ! እሱ ያውቀኛል፣ አንድ ቤት ነው የምንኖረው» አለች። «አስኔ፣ በእኔ ምክንያት እንዳልሆነ ንገራቸው።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

አስናቀ አፉን ከፈተ።

፲

«                                        »